ሞላሌን ከአረቄ የገዘተው ተዋናይ

ሞላሌ ውስጥ ወዳጆ ገብረየሱስን አላውቀውም የሚል ሰው ካለ፣ ወይ ትናንት ከአውቶቡስ የወረደ እንግዳ ነው፣ ወይ አውቆ የተኛ ነው። በከተማችን ትያትር በታየ ቁጥር ገዳዩ እሱ፣ ሟቹ እሱ፣ ዳኛው እሱ፣ ቄሱም እሱ ነው። ሰው ያነሰ ቀን ደግሞ ገድሎ ይወጣና ልብስ ቀይሮ ለቅሶ ይደርሳል።

እኔ አወቀ እባላለሁ፤ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሱቄ ገበያው ጫፍ ላይ ነው። የትያትሩን ልብስ የምሰፋው፣ መጋረጃውን የምስበው፣ ተዋናይ ቃል ሲጠፋበት ከመጋረጃው ሥር ሹክ የምለውም እኔው ነኝ። ስለዚህ የወዳጆን ነገር ከእኔ የበለጠ አውቃለሁ ባይ ቢመጣባችሁ አትስሙት። የግዝቱን ነገር ደግሞ ሰዉ በእኔ ላይ ሊያላክክ ስለሚወድ፣ ከሥሩ ጀምሬ ላውራውና ፍረዱ።

ወዳጆ የተወለደው ከቀየት ወዲያ፣ ጓሳው አፋፍ ላይ ካለች መንደር ነው። አባቱ ቄስ ገብረየሱስ፣ ልጄ በእግሬ ይተካል ብለው የኔታ ዘንድ አስገቡት። ዳዊት ደገመ፣ ድቁናም ተቀበለ። ድምፁ ያማረ ነበር፤ ክፋቱ የራሱን ድምፅ ብቻ ይዞ አለመፈጠሩ ነው። የሰፈሩን ሰው ሁሉ አሳሳል ያውቅ ነበር።

አንድ ቀን የኔታ ተዝካር ሄደው ሲዘገዩ፣ ወዳጆ ከጎጆው ጀርባ ሆኖ በየኔታ ሳል ሳለና በየኔታ ድምፅ "ሂዱ፣ ዛሬ ጉባኤ የለም" አለ። ተማሪው እጅ ነስቶ ተበተነ። የኔታ ሲመለሱ ጎጆው ባዶ ነው። በማግስቱ ምርመራ ሲደረግ ተማሪው ሁሉ፣ ያሰናበቱን እርስዎ ራስዎ ነዎት ብሎ ማለ። የኔታም ብዙ ካሰቡ በኋላ፣ ብዬ ይሆናል ብለው ሊተዉት ነበር። ወዳጆ ግን የሠራው ሥራ ሳይወራለት ሲቀር ከነከነውና ራሱ ተናገረ። ከዚያ ወዲያ ትምህርት ቤቱ አልፈለገውም። አባቱ፣ ልጄ አፉን ለሰይጣን አከራየው ብለው አለቀሱ ይባላል።

እንዲህ ያለውን አፍ የተቀበለው የቀበሌ ኪነት ነበር። መጀመሪያ የተሰጠው ሚና ጨካኝ ባላባት ነው። መድረክ ላይ ጭሰኞቹን እንዲያ አድርጎ ገረፋቸውና በማግስቱ ገበያ ሲወጣ ድንች የሚሸጥለት አጣ። አማከለች የምትባል ድንች ሻጭ፣ ያን ሁሉ ድሃ አስለቅሰህ ደግሞ ደፍረህ ድንች አማረህ ወይ ብላ ፊቷን አዞረችበት። ሌላ ሰው ቢሆን ይከፋው ነበር። ወዳጆ ግን ባዶ ጆንያውን ይዞ እየሳቀ ሱቄ መጣና፣ ከዛሬ ወዲያ ሌላ ሥራ አልሠራም አለኝ። አልሠራምም።

ትያትር ደግሞ፣ ሞላሌ ሆናችሁ ስታዩት ያስቃችኋል እንጂ፣ እንጀራ አይሆንም። ወዳጆን የምታበላው ሚስቱ ተሾመች ናት። ተሾመች አረቄ ታወጣለች፤ የገብስ አረቄዋ ከዚህ እስከ መሐል ሜዳ ስም ያለው ነው። ላግባሽ ብሎ የጠየቃት ዕለት ትያትር እየተለማመደ መስሏት ሳቀችበት። ሽማግሌ ሲልክ ደግሞ ሽማግሌዎቹን አንድ በአንድ፣ እናንተስ እውነተኛ ናችሁ ወይ ብላ ጠየቀቻቸው።

የወዳጆ ቁስል እዚህ ላይ ነው። ሞላሌ በሙሉ ያምነዋል፤ ሚስቱ አታምነውም። ትያትር አንድም አምልጧት አያውቅም። የበግ ጠጉር ባናዋን ተከናንባ ከፊት አግዳሚ ላይ ትቀመጣለች፣ ሰው ሁሉ ሲያለቅስ እሷ ትስቃለች፣ ቤት ሲገቡ ደግሞ ፍርዷን ትሰጣለች። ሟች ሆኖ አዳራሹን ሙሉ ባስለቀሰበት ቀን እንኳ ያለችው፣ የግራ እግርህ አውራ ጣት ሲንቀሳቀስ አየሁት ነው። ደብረ ብርሃን ለውድድር ሄዶ ተጨብጭቦለት ሲመጣም፣ እነሱ ስለማያውቁህ ነው አለችው። አንድ ቀን፣ አንድ ጊዜ ብቻ ተሾመችን ባሳምናት ብሎ ሲመኝ ሠላሳ ዓመት አለፈው። እኔ እንኳ፣ ሴትዮዋ እስቲ ለአንድ ቀን ተሳስታ ታልቅስለት ብዬ ለማርያም የተሳልኩበት ጊዜ አለ።

የተሾመች ቁስል ደግሞ ሌላ ነው። ወዳጆ መድረክ ሊወጣ ሲል አንድ መለኪያ ለድምፅ፣ ሲወርድ ሁለት መለኪያ ለድካም ይላል። መድረክ የሌለ ዕለት ደግሞ መድረክ ስለሌለ ይጠጣል። እሷ በፊት በር ስትሸጥ እሱ በጓዳ በር ይቀዳል። ለምናዋለች፣ ተቆጥታዋለች፣ አልቅሳበታለች። ወዳጆ ሁልጊዜ እሺ ይላል፤ እሺታውም እንዴት ያምር ነበር መሰላችሁ። ግን ተሾመች አታምነውም ብያችሁ የለ፤ እውነቷንም ነበር።

እንግዲህ ባለፈው ዓመት የከተማው ሴቶች ባሎቻቸው አረቄ ቤት አድረው እየገቡ ሲያስመርሯቸው፣ በግ ነጋዴዋ እስከዳር አስተባበረቻቸውና የአማርኛ መምህርታችንን ትርሲትን፣ ስለ ስካር አንድ ትያትር ጻፊልን አሏት። ትርሲት ጻፈች። ታሪኩ ምስክር ስለሚባል ሰካራም ነው። ምስክር በጎቹን በአረቄ ይጨርሳል፣ መጨረሻ ላይ የነፍስ አባቱ መጥተው ከአረቄ ይገዝቱታል፣ መጋረጃ ይዘጋል። የነፍስ አባቱ ወዳጆ ነው። ስለ ስካር የሚያስተምረውን ሚና ለመጫወት፣ ለድምፅ ብሎ አንድ፣ ለብርዱ ብሎ አንድ ጨምሮ ነበር የመጣው።

ጥምጣሙን የሠራሁለት እኔ ነኝ። ካባው ግን የሟች አባቱ የቄስ ገብረየሱስ ካባ ነው፤ የእንጨት መስቀሉም እንዲሁ። ወዳጆ በዚያ ካባ ጎንበስ ብሎ ብቅ ሲል፣ ከኋላ የነበሩ አሮጊቶች ተነሥተው መስቀል ሊሳለሙ መጡ። ተዋናይ ነኝ እንዴት ይበላቸው? አሳለማቸው። ትያትሩ እነሱን እስኪጨርስ ቆሞ ጠበቀ።

የመጨረሻው ቃል ደረሰ። ትርሲት የጻፈችው፣ "አንተ ምስክር፣ ከዛሬ ጀምሮ አረቄ ብትቀምስ በጴጥሮስ በጳውሎስ ሥልጣን ገዝቼሃለሁ" የሚል ነው። ወዳጆ መስቀሉን ከፍ አደረገ፣ "አንተ" አለ፣ ቆመ። ስሙ ጠፍቶታል። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ ያጠናውንም አብሮ እንደሚያወጣው ያየሁት ያን ዕለት ነው። እኔ ከመጋረጃው ሥር "ምስክር" አልኩት። ዞሮ አየኝና አልገባውም። "ምስክር፣ ምስክር!" አልኩት፣ ጠንከር አድርጌ። ፊቱ በራ። ከሰካራሙ ላይ ዞረና ወደ ሕዝቡ ቀና አለ።

"ሰማይና ምድር ምስክር ይሁኑብኝ!" አለ። "ከሞላሌ ሰው፣ ወንድ ቢሆን ሴት፣ ከዛሬ ጀምሮ አረቄ የቀመሰ በጴጥሮስ በጳውሎስ ሥልጣን ገዝቻለሁ። ዕጣው ከአርዮስ ጋር ይሁን።"

እንግዲህ ፍረዱ። እኔ የነገርኩት ስም ነው። ሰካራሙን ምስክር ብሎ ስም ማውጣቱም ቢሆን የሰካራሙ አባት ጥፋት ነው፤ ያም አባት ደግሞ የትርሲት ፈጠራ ነው።

ቆብ ያደረገ አወለቀ። መጋረጃውን ስስብ አንድ ሰው አላጨበጨበም፤ ለግዝት ማን ያጨበጭባል? እስከዳር ብቻ ከመሐል ተነሥታ እልል አለች።

በማግስቱ ሞላሌ ውስጥ አንድ መለኪያ አልተነሣም። ወዳጆ ቄስ አለመሆኑን የማያውቅ የለም፤ አብረውት ያደጉ ሰዎች ናቸው። ግን ድቁና ነበረው አለ አንዱ። ካባው የእውነት ነው አለ ሌላው። ሦስተኛው ደግሞ፣ ቃሉ ራሱ ቃል ነው፣ እሳት ልጅ ቢለኩሰው አያቃጥልም ወይ አለ። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ማንም ቀድሞ ቀምሶ ሊሞክረው አልፈለገም፤ ሁሉም ጎረቤቱ እንዲጀምር ይጠብቃል።

የአውቶቡስ ረዳቱ ይሥሐቅ ብቻ ተከራከረ። ወዳጆ አረቄ አለ እንጂ ካቲካላ አላለም ብሎ አንድ ሳምንት ሙሉ ሲሟገት ከረመ። የሚሰማው ሲያጣ ቀየት ወርዶ ልጠጣ አለ። ወዳጆ ሲገዝት የሚያሳየው ቪዲዮ ግን በቴሌግራም ቀድሞት ደርሷል። የአረቄ ቤቱ ባለቤት ገና ከበር ስታየው፣ አንተ ከሞላሌ ነህ፣ ጦስህን ይዘህ ውጣልኝ አለችው። ይባስ ብሎ ቪዲዮውን ያዩት የቀየት ጠጪዎችም፣ በስልክ የደረሰ ግዝት እኛንም ይይዝ ይሆን ወይ እያሉ መስጋት ጀመሩ።

የሞላሌ ወንድ ነቃ። ጣሪያ ተከደነ፣ አጥር ታጠረ፣ እሁድ እሁድ ቅዳሴው ሞላ። ጥቂት ሴቶች፣ ባሎቻቸው ቤት መዋል ሲጀምሩ በየድስቱ ጥልቅ እያሉ ጨው በዛ፣ በርበሬ አነሰ ማለታቸው አልጣማቸውም። የሚበዙት ግን እስከዳርን ይመርቁ ነበር። የተሾመች ቤት ብቻ ጭር አለ። አረቄው በእንስራ ተሞልቶ ተቀመጠ፣ ብቅሉ ሻገተ። እራት ሽሮ፣ ምሳም ሽሮ ሆነ።

ተሾመች፣ ነገ መድረክ ላይ ውጣና ውሸቴን ነው፣ ቄስ አይደለሁም በላቸው አለችው። ወዳጆ ደነገጠ። ዕድሜዬን ሙሉ እውነት ነው ያልኳቸውን፣ አሁን በአፌ ውሸት ነው ብላቸው ከዚያ በኋላ ማን ያየኛል አላት። እሷም፣ አረቄው ካልተሸጠ ማን ያበላሃል አለችው። ሁለቱም ልክ ነበሩ፤ ለዚህ ነው ጠቡ ያልበረደው።

ወዳጆ መምሬ መርስዔ ኃዘን ዘንድ ሄደ። እኔም ተከትዬው ሄድኩ። የደብሩ አለቃ ናቸው፤ አባቱንም ያውቁ ነበር። የሆነውን ነገራቸውና ይፍቱልኝ አለ።

"እኔ ያላሰርሁትን አልፈታም" አሉት። "አንተም ሥልጣን የለህ፣ መፍታት አትችል።"

ሥልጣን ከሌለኝ እንግዲያው አልታሰረም ማለት ነው፣ ይህንኑ ለሕዝቡ ይንገሩልኝ ብሎ ለመናቸው። መምሬ ጢማቸውን እየዳበሱ፣ መንገሩንስ እነግራለሁ፣ መቼ እንደምነግር ግን ገና አልተገለጠልኝም አሉት። በዚያው ሰሞን እሁድ ቤተ ክርስቲያኑ ሞልቶ ሰው ከደጀ ሰላም ተርፎ እንደነበር ያየ ሰው አይፈርድባቸውም።

ስንመለስ መንገድ ላይ እጁ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። አንተም ትተሃል እንዴ አልኩት። እኔስ የሞላሌ ሰው አይደለሁም ወይ አለኝ። ቀልዱን መስሎኝ ልስቅ ስል ፊቱን አይቼ ተውኩት። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ የአባቴ ድምፅ ነበር፣ አስቤ ያስመሰልኩት አይደለም፣ ራሱ ነው የመጣው አለኝ። ወዳጆን በሕይወቴ ሲፈራ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ተሾመችም የጓዳው እንስራ አለመጉደሉን አይታ ጠይቃዋለች። የሰጣት መልስ ይኸው ነበር፤ እሷ ግን፣ የራስህን ውሸት ራስህ አመንከው ብላ ሳቀችበት። ለዚህ ሳቅ ለሁለት ቀን አኩርፏል።

መላው የተገኘው ከትርሲት ነው። ትያትር ያሰረውን ትያትር ይፍታው አለች። ክፍል ሁለት ይሠራል፤ ምስክር ንስሐ ይገባል፣ የነፍስ አባቱም መጥተው ይፈታሉ። ወዳጆ መጀመሪያ ተጨነቀ። ቀምሶ ካልሆነ መድረክ ወጥቶ አያውቅም፤ አሁን ደግሞ ሳይፈታ አይቀምስ፣ ሳይወጣ አይፈታ። ሕዝቡ ፊት ድምፄ ቢሰበርና ቢስቁብኝ፣ ግዝቱም እኔም አበቃልን አለኝ። ቢሆንም እሺ አለ፤ ሽሮው ሳያስገድደው አልቀረም።

ትያትሩ ለገበያ ዕለት ከሰዓት በኋላ ተቀጠረ። እነ እስከዳር ግን ዝም ብለው አልጠበቁም። ፍቺውን በጆሮው ያልሰማ አልተፈታም የሚል ወሬ በከተማው ነዙና፣ በቀጠሮው ቀን ከጠዋት ጀምረው መጥተው አዳራሹን ሞሉት። አንድ ወንድ የሚቀመጥበት ቦታ አልተረፈም። ለብርዱ ነው ብለው መስኮቶቹንም ዘጉ። ወንዶቹ ውጭ ተኮልኩለው በቆርቆሮው ላይ ጆሯቸውን ለጠፉ። ይሥሐቅ ጣሪያ ላይ ነበር።

ተሾመች ከፊት አግዳሚ ላይ ናት። እስከዳር፣ አረቄ ሻጭ ከእኛ ጋር ምን ትሠራለች ብላ ልታስነሣት ሞክራ ነበር፤ ተሾመች አልሰማቻትም።

መጋረጃውን ሳብኩት። ምስክር ተንበርክኮ ንስሐውን ጨረሰ። ወዳጆ ካባውን ለብሶ ወጣ። መስቀሉ በእጁ ላይ ይንቀጠቀጣል፤ ሴቶቹ የእርጅና መስሏቸው ከንፈር መጠጡ። ድምፁ ግን አልተሰበረም። እንዲያውም ከወትሮው ዝግ ያለና የጠራ ነበር። ልጆቼ፣ ያሰርኋችሁን ልፈታ መጥቻለሁ ሲል አዳራሹ አጉረመረመ፣ ከውጭ ቆርቆሮው ተንኳኳ። እኔ ወረቀቱን ይዤ እየተከታተልኩ ነው፤ የቀረችው አንዲት ዐረፍተ ነገር ናት።

ተሾመች ተነሣች። ባናዋን ከራሷ ላይ አወረደች፣ ነጠላዋን መስቀለኛ አጣፋች፣ እጅ ነሣች።

"አባ፣ ይፍቱኝ" አለች። "አንድ ነገር ላስቸግርዎት።"

ወዳጆ ወደ እኔ አየ። እኔ ወረቀቱን አየሁ፤ ወረቀቱ ላይ ምንም የለም። ሹክ የምለው ባጣ ዓይኔን ወደ መሬት ጣልኩ።

"እኔ አረቄ ሻጭ ነኝ፣ አባ። ሌላውን ቢፈቱልኝ ቤቴ ይቆማል። ባሌን ግን አይፍቱብኝ።"

ወዳጆ እንደ ባል ቢመልስላት ትያትሩ ያን ጊዜ ያበቃል፣ ፍቺውም ይቀራል፤ ሴቶቹም የሚጠብቁት ይህንኑ ነበር። እሱ ግን ጎንበስ እንዳለ አንድ እርምጃ ወደ እሷ ቀረበ።

"ባልሽ ማነው፣ ልጄ?" አለ።

"ወዳጆ ይባላል። ሥራው ትያትር ነው። ሠላሳ ዓመት ለምኜው እሺ እያለ አልሰማኝም። እርስዎን ግን በአንድ ቃል ሰማዎት።"

ለቀልድ አልነበረም። ድምፅዋ ሲሰበር ሰማሁ፣ ዕንባዋም ሲወርድ አየሁ። ያቺ ሰው ሁሉ ሲያለቅስ የምትስቅ ሴትዮ አለቀሰች። እኔም መጋረጃው ሥር ሆኜ አለቀስኩ፤ ይህን ለማንም አልተናገርኩም፣ እናንተም አትናገሩ።

"ወዳጆ እንደታሰረ ይኑር" አለ ወዳጆ። መስቀሉ መንቀጥቀጡን ትቷል። ከዚያ ቀና ብሎ "የቀራችሁትን እግዚአብሔር ይፍታችሁ" አለ።

ውጭ ያሉት ወንዶች ሆ አሉ፤ ይሥሐቅ ከጣሪያ ላይ ሊወድቅ ለጥቂት ተረፈ። ውስጥ ያሉት ሴቶች ደግሞ በእስከዳር መሪነት በአንድ ድምፅ አልሰማንም አሉ፣ ቤት ሲገቡም ለባሎቻቸው እንደዚያው አሏቸው። ስለዚህ ከሞላሌ ወንድ ግማሹ ተፈትቷል፣ ግማሹ ፍቺውን በደንብ ስላልሰማ እስከ ዛሬ እንደታሰረ ነው። መምሬ መርስዔ ኃዘንን ስለ ቀሪዎቹ የጠየቃቸው ሰው ነበር፤ ትያትር አላይም ብለው መለሱለት።

አመሻሹ ላይ ተሾመች ቤት ሄድኩ። መቀመጫው ሞልቷል፣ መለኪያው ይዞራል። ወዳጆ ካባውን አጣጥፎ ጉልበቱ ላይ አድርጎ ጥግ ይዞ ተቀምጧል። ማንም ለምን አትጠጣም አላለውም፤ እንዲያውም ሰው ሁሉ ሲያልፍ ዝቅ ብሎ እጅ ይነሣዋል። ተሾመች ለሁላችን ቀድታ ስትጨርስ አንድ ጣሳ ውሃ ይዛ መጥታ ፊቱ አስቀመጠችለት። እጅዋን ያዛት። ሰው እንዳይሰማ ብሎ ነበር፤ እኔ ግን ሹክሹክታ መስማት ሥራዬ ነው።

"ተሾመች" አላት፣ "የእውነትሽን ንገሪኝ። ቄስ መስዬሽ ነው ወይስ አንቺም መተወን ችለሽ ነው?"

ዓይኖቿ ገና ቀልተው ነበር። እጅዋን ቀስ ብላ ከእጁ አወጣችና ነጠላዋን አስተካከለች።

"ውሃዎን ይጠጡ፣ አባ" አለችው።

ጠጣ።